እጮኛዬ ዳኛ ነው፤ የአጎቴ መዝገብ ደግሞ እሱ ችሎት ላይ ወደቀ

 

በዚህ ዓምድ “ባሌ ያመሻል”፣ “ፍቅረኛዬ ከዳችኝ”፣ “እናቴ የመረጥኩትን ልጅ አልወደደችውም” የሚሉ ደብዳቤዎችን ስናስተናግድ ኖረናል። የዛሬው ግን ለየት ይላል። ፖስታውን ከፍቼ ማንበብ ስጀምር የተለመደ የእጮኛሞች ኩርፊያ መስሎኝ ነበር። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ግን የያዝኩትን ሻይ አስቀመጥኩ። ጉዳዩ የሁለት ሰዎች ፍቅር ብቻ አልነበረማ! የማናውቃት የሌላ ሰው ሀቅ አለበት።

ደብዳቤውን አሳጥሬ እነሆ። የሚያስለይ ነገር ሁሉ ወጥቷል።

“የ27 ዓመት ወጣት ነኝ። በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። እጮኛዬ 34 ዓመቱ ሲሆን የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ነው። ከተዋወቅን ሦስት ዓመት ሆኖናል። ሽማግሌ ልኮ ቤተሰቦቼ እሺ ብለዋል፤ ሠርጋችን ከፋሲካ በኋላ ነው።

“ልዋሽህ አልፈልግም፤ ዳኛ ነው ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ጓደኞቼም ‘አንቺ ምን ጎደለሽ!’ ይሉኛል። ኑሮው ግን እንዳሰብኩት አይደለም። የሚኖረው ኮንዶሚኒየም ተከራይቶ ነው። ቅዳሜ ማታ እንውጣ ስለው መዝገብ ታቅፎ ይቀመጣል። ካፌ ስንገባ ጥግ ይመርጣል። ችሎቱ ላይ የሚቆም ጠበቃ ከገባ ሻዩን ሳይጨርስ ይነሣል። አንድ ቀን አንድ ሰው ሂሳባችንን ዘግቶልን ሄደ። እሱ አስተናጋጇን ጠርቶ ‘የሰውየውን መልሺለት’ ብሎ እንደገና ከፈለ። እኔ በሀፍረት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

“ይኼንንስ ቻልኩት። አሁን የመጣብኝ ግን ሌላ ነው። አባቴ ከሞተ በኋላ ያሳደገኝና ያስተማረኝ የእናቴ ወንድም ነው። ቤቱን ሊሸጥ ተዋውሎ ቀብድ ተቀብሎ ነበር፤ የቤት ዋጋ ሲጨምር ሐሳቡን ለወጠ። ገዢዋ ከሰሰችው። መዝገቡ ዞሮ ዞሮ የት ቢወድቅ ጥሩ ነው? እጮኛዬ ችሎት! እሱ ተከሳሹ አጎቴ መሆኑን አያውቅም። አጎቴ የሚከራከረው በጠበቃ ነው፤ ሽማግሌ የመጣ ጊዜም ክፍለ ሀገር ስለነበር አልተያዩም።

“ቀጠሮው በዚህ ወር መጨረሻ ነው። እናቴ ‘ፍረድለት አላልን! አንድ ቃል ብቻ ንገሪው፤ በደንብ ይይለት’ ትለኛለች። አጎቴ ደግሞ የሠርጉን አዳራሽ ኪራይ እችላለሁ ብሏል። ብነግረው ሊጣላኝ ነው። ዝም ብል ዘመዶቼ ‘ዳኛ አግብታ ረሳችን’ ሊሉኝ ነው። እንቅልፍ አጣሁ። ምን ላድርግ? ስሜና አድራሻዬ ይቆይልኝ።”

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ በእናትሽ ልፈርድ አልቻልኩም። በዚህ ከተማ መጥሪያ የደረሰው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው “ሕጉ ምን ይላል?” ብሎ አይደለም። “ዳኛውን የሚያውቅ ሰው አለ ወይ?” ብሎ ነው። እኔም ያው ነኝ። ከዓመታት በፊት ከቤት አከራዬ ጋር ተካስሰን ነበር። ጠበቃ ከመፈለጌ በፊት “ዳኛውን እንደ ወንድሜ ነው የማውቀው” የሚል ሰው አገኘሁ። ገንዘብ ጠየቀኝ፤ “ካልረታህ እመልስልሃለሁ” ብሎ ማለልኝ። ሰጠሁት። ረታሁ። “አላልኩህም?” ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

እናላችሁ፣ ለረጅም ጊዜ ያንን ፍርድ የገዛሁት ይመስለኝ ነበር። ያ ዳኛ ባጠገቤ ባለፈ ቁጥር በልቤ “ሌባ” እለው ነበር።

ከዚህ ያወጡኝ የዕድራችን ሰው ናቸው። ሥራቸውን የጀመሩት በደርግ ጊዜ በአውራጃ ፍርድ ቤት ነው። በ1988 ዓ.ም የፌዴራል ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 25 ሲቋቋሙ ወደ አዲስ አበባ መጡ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የመጀመሪያ ደረጃ ችሎት ላይ ነው ያገለገሉት። የሆነውን ስነግራቸው ሳቁ። “ልጄ፣ ያ ሰው እኮ ከአከራይህም ተቀብሏል” አሉኝ። ለካ ንግዱ እንዲህ ነው! ደላላው ከሁለቱም ወገን ይወስዳል። አንዱ መርታቱ አይቀርም። ለተረታው ይመልስለታል፤ የረታውን ይበላል። ዳኛው ስሙ ገበያ መውጣቱን እንኳ አያውቅም። ሕጉ ደግሞ የሚይዘው ተቀባዩን ብቻ አይደለም፤ ሰጪውንም ነው። ላቤ መጣ።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ታዲያ ወደ እርሳቸው ቤት ነው የሄድኩት። የነገሩኝን ለአንቺም፣ ዳኛ ለማግባትም ሆነ ዳኛ ለመሆን ለምታስቡ ወጣቶችም ላካፍላችሁ።

ካባው ከየት ይመጣል?

ብዙ ሰው ዳኛን እንደማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ ማስታወቂያ አይቶ የሚቀጠር ይመስለዋል። ሹመት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 81 መሠረት የፌዴራል ዳኞችን የሚያቀርበው የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዕጩዎቹን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይዞ ይቀርባል፤ ምክር ቤቱ ይሾማል። ከዚያ ቃለ መሐላ ይከተላል።

ከተሾመ በኋላ ደግሞ አለቃ ደስ ስላላለው ብቻ አይነሣም። አንቀጽ 79 ዳኞች ከሕግ በስተቀር በሌላ ሁኔታ አይመሩም ይላል። የጡረታ ዕድሜው ሳይደርስ ከሥራ የሚነሣው የዲሲፕሊን ጥፋት ከሠራ፣ ጉልህ የሆነ የችሎታና የቅልጥፍና ማነስ ከታየበት፣ ወይም በሕመም ሥራውን በተገቢው መንገድ ማከናወን ካልቻለ ነው። ይህንንም ጉባኤው ወስኖ ምክር ቤቱ በድምፅ ሲያጸድቀው ነው።

ይኼ ሁሉ ጥበቃ ለማን የተሰጠ ይመስልሻል? ለዳኛው ምቾት? አይደለም። ማንም ስልክ ደውሎ “እንዲህ ወስን” እንዳይለው ነው። ሚኒስትር እንዳይደውል የተከለከለበትን ስልክ አጎት ከደወለበት ምኑን ነፃ ሆነ!

ሌላም ነገር አለ። የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ በአብዛኛው ብቻውን ነው የሚያስችለው። በሰበር ችሎት አምስት ዳኞች ይቀመጣሉ፤ ይመካከራሉ፤ ያልተስማማው የልዩነት ሐሳቡን ይጽፋል። የአንቺ እጮኛ ግን ቀኝና ግራው ባዶ ነው። ምስክር ሲያለቅስ የሚያየው እሱ ነው፤ ማን እንደዋሸ የሚያመዛዝነውም እሱ ነው። ጉዳዩ ደግሞ ትንሽ እንዳይመስልሽ። በ1988ቱ አዋጅ ይህ ፍርድ ቤት የሚያየው የፍትሐ ብሔር ክርክር ጣሪያው 500 ሺህ ብር ነበር። በ2013 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 1234 ወደ 10 ሚሊዮን ብር ከፍ ብሏል። የአጎትሽም የቤት ክርክር እዚያ የተገኘው በዚሁ ምክንያት ነው።

ጠዋት ችሎት፣ ማታ መዝገብ

ጠዋት የችሎቱ በር ላይ የዕለቱ ቀጠሮ ተለጥፏል። ችሎት አስከባሪው “ተነሡ!” ይላል። ከዚያ አንዱ መዝገብ ሲዘጋ ሌላው ይከፈታል። ፍቺ አለ፣ የልጅ ቀለብ አለ፣ ብድር አለ፣ የሥራ ክርክር አለ። ወንጀል ችሎት ከሆነ ደግሞ ስርቆት፣ ድብደባ፣ ማታለል ነው። የጊዜ ቀጠሮ ችሎት ከሆነ መርማሪ ፖሊስ ቀን ይጠይቃል፤ የተያዘው ሰው ዋስትና ይጠይቃል። ከ1954 ዓ.ም ጀምሮ ባለው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ዳኛው በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይፈቅድም። ያቺ 14 ቀን ግን ለውጭ ሰው ቁጥር ናት፤ ውስጥ ላለው ሰው 14 ሌሊት ናት። “እስክሪብቶ ከባድ ነው” የሚሉት ሰውዬው ይኼን እያሰቡ ነው።

ከሰዓት በኋላና ማታ ያ ሁሉ የተሰማ ነገር ይነበባል፤ ይጻፋል። ፍርድ “ይገባታል” ወይም “አይገባውም” ብሎ መዝጋት ብቻ አይደለም። ክርክሩ ምን ነበር፣ የትኛው ማስረጃ ታመነ፣ የትኛው ለምን ተጣለ፣ የትኛው አንቀጽ ተጠቀሰ፤ ሁሉም ይሰፍራል። የተረታው ወገን ይዞት ይግባኝ ይላል። ከበላዩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አለ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አለ። የሰበር ችሎት የሰጠው የሕግ ትርጉም ደግሞ ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ የበታቹን ሁሉ ያስገድዳል። ስለዚህ ያም ይነበባል። ቅጣት የሚጥልም ከሆነ በ2002 ዓ.ም ወጥቶ በ2006 ዓ.ም የተሻሻለ የቅጣት አወሳሰን መመሪያ አለለት፤ ደረጃና እርከን እየቆጠረ ያሰላል። እንግዲህ ቅዳሜ ማታ የምትቀኚበት መዝገብ ይኼ ነው።

ደመወዙስ? ጥሩ ጠበቃ ሆኖ ከሚገኘው ጋር አይወዳደርም። ስንቱ ጎበዝ ልጅ ካባውን አውልቆ ወደ ጥብቅና ሄዷል! ፓርቲ አባል መሆንም ለዳኛ ክልክል ነው። “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የሚለውን ተረት ሰውዬው ሲሰሙ ፊታቸው ይለወጣል። “እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው” አሉኝ። ቆየት ብለው የበጉን ነገር አጫወቱኝ።

የፋሲካው በግ

የቅዳሜ ሹር ዕለት ነው። እርሳቸው ወደ ማታ ቤት ሲገቡ ግቢው ውስጥ ሙክት ታስሯል። ባለቤታቸው ደስ ብሏቸው “ጓደኛዎ ላከልን” ይላሉ። የቱ ጓደኛ? ስም የለም። አንድ ልጅ በር አንኳኩቶ “ለጋሼ ነው” ብሎ አስረክቦ ሄዷል። ሰውዬው በዚያ ሳምንት ለውሳኔ የቀጠሩት አንድ ከባድ መዝገብ ነበራቸው።

ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ልጆቹ እያለቀሱ፣ ባለቤታቸው እያኮረፉ፣ በጉን እየጎተቱ በዓሉ ዋዜማ ላይ ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱት! ፖሊሶቹ ሳቁ፤ ግን መዘገቡ። በበዓሉ ማግስት ለፍርድ ቤቱ ኃላፊ በጽሑፍ አሳወቁ። ከሳሽም ተከሳሽም “የእኔ አይደለም” አሉ። በጉ ኤግዚቢት ሆኖ ሰነበተ። በዚያ ፋሲካ እነሱ ቤት የተበላው ሽሮ ነው።

እኔ ስስቅ እርሳቸው አልሳቁም። “ባለቤቴ ለአንድ ወር አላናገረችኝም። የቆጨኝ በጉ አይደለም። አሥር ዓመት አብረን ስንኖር ሥራዬ ምን እንደሆነ ቁጭ ብዬ አልነገርኳትም ነበር። እሷ ምን ታድርግ? በር ሲንኳኳ የምትከፍተው እኮ እሷ ናት” አሉኝ።

እህቴ፣ ይኼን አረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አንብቢው። የዳኛ ቤት በር የሚንኳኳው በሚስት በኩል ነው። ያንቺ በር ደግሞ ገና ሳትገቢበት ተንኳኩቷል።

ታዲያ ምን ታድርጊ?

አንደኛ፤ ንገሪው። ዛሬ፣ ቢዘገይ ነገ። ግን የምትነግሪው አንድ ነገር ብቻ ነው። “ይህ ተከሳሽ የእናቴ ወንድም ነው” በይው፤ አቁሚ። ቤቱ ስንት እንደሚያወጣ፣ ገዢዋ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነች፣ አጎትሽ ምን ያህል ደግ እንደሆነ አትጨምሪ። የመጀመሪያው ቃል እሱን የሚጠብቀው ነው። ሁለተኛው ቃል እናትሽ የፈለገችው “አንድ ቃል” ነው።

ለምን ልንገረው ብትይ፣ ዳኛ ከተከራካሪ ጋር የሥጋ ወይም የጋብቻ ዝምድና ካለው ከችሎት እንዲነሣ ሕጉ ያዛል። “ገና አልተጋባንም” ትይ ይሆናል። ሕጉ ግን ትክክለኛ ፍርድ አይሰጥም የሚያሰኝ ሌላ በቂ ምክንያትም ይቀበላል። ሽማግሌ የተላከበትና የሠርግ ቀን የተቆረጠበት ነገር ምክንያት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? እሱ በጽሑፍ ያመለክታል፤ መዝገቡ ወደ ሌላ ችሎት ይዞራል። አለቀ። አጎትሽ የሚያጣው መብት የለም።

ዝም ብትዪስ? እሱ ሳያውቅ ይፈርዳል እንበል። ለአጎትሽ ከፈረደ፣ ከሠርጉ በኋላ ገዢዋ አንድ ቀን ሙሽሮቹን ፎቶ ላይ ከአጎትሽ ጋር ታያለች። ያኔ ማን ያምነዋል? በአጎትሽ ላይ ከፈረደ ደግሞ ዕድሜ ልክሽን ቤተሰብሽ “ባልሽ ቤታችንን ነጠቀን” ይልሻል። እንዲህም ሆነ እንዲያ ዝምታሽ ትዳርሽን ነው የሚበላው።

ሁለተኛ፤ የአዳራሹን ነገር እምቢ በይ። አጎትሽ አሳድጎሻል፤ በደኅናው ጊዜ ሠርግሽን ቢደግስ ወግ ነው። ክርክሩ እስኪያልቅ ግን ያ አዳራሽ የፋሲካው በግ ነው። “አጎቴ፣ ምርቃትህ ይበቃኛል” በይው። አዳራሹ ቢቀር በድንኳን መዳር ይቻላል፤ ድሮስ የት ነበር የምንዳረው?

ሦስተኛ፤ እናትሽን አስቀምጠሽ ስለዚያች ገዢ አውሪያት። ቀብዱን ከየት አመጣችው? ወርቋን ሸጣ ይሆናል፤ ዕቁብ ጥላ ይሆናል። እሷ ዳኛ ያጨ የእህት ልጅ የላትም። ያላት ወረቀትና በሕግ አምላክ የሚል አፏ ብቻ ነው። አባቶቻችን በሕግ ከተባለ እንኳን ሰው ወራጅ ውሃም ይቆማል ያሉት ለእንዲህ ያለው ሰው ነው። ነገሩ ተገልብጦ የእጮኛው ዘመድ ገዢዋ ብትሆን ኖሮ እናትሽ ምን ትል ነበር? ይኼን ጠይቂያትና መልሷን ጠብቂ።

አራተኛ፤ አጎትሽን በእውነት መርዳት ከፈለግሽ ሌላ መንገድ አለ። ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ ከገዢዋ ጋር መታረቅ ይችላል፤ ፍርድ ቤቱ ስምምነታቸውን ያጸድቅላቸዋል። የ2013ቱ አዋጅ በፍርድ ቤት ውስጥ በአስማሚ የሚያልቅበትን አሠራርም አምጥቷል። ቃል ያጠፈው እሱ ከሆነ ደግሞ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ከዳኛ በፊት ከራሱ ጋር ቢታረቅ ይሻለዋል።

አምስተኛ፤ ስለ ትዳሩ። ብነግረው ሊጣላኝ ነው ብለሻል። እኔ አይመስለኝም። ሂሳቡን ሁለት ጊዜ የከፈለ ሰው እውነት የነገረችውን እጮኛ አይጣላም። የሚጣላው የደበቀችውን ነው። አንቺ ግን ራስሽን ጠይቂ። ያን ዕለት ካፌ ውስጥ አፍረሽ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላም ታፍሪበታለሽ ወይስ ትኮሪበታለሽ? ዳኛነቱን ለማዕረጉ ወደሽው ከሆነ አሁኑኑ ንገሪው፤ ሁለታችሁም ገና ወጣት ናችሁ። ሰውየውን ከወደድሽው ግን ካባው አብሮ ይመጣል።

ለእሱም አንድ ቃል አለኝ። ወንድሜ፣ መዝገብ መያዝህ እጮኛህን ለማስረሳት ፈቃድ አይሆንም። ሥራህን ንገራት። የተከራካሪዎቹን ምስጢር አይደለም፤ ለምን ጥግ እንደምትቀመጥ፣ ለምን ስጦታ እንደምትመልስ፣ የትኛው ቀን እንደሚከብድህ ንገራት። ከሳምንቱ አንድ ማታ መዝገብ የማይገባበት ይሁን። ክረምት ፍርድ ቤት ሲዘጋ ተረኛ ችሎት ካልሆንክ ይዘሃት ውጣ። በሩን የምትከፍተው እሷ ናትና፣ ከበሩ ውጭ ምን እንዳለ ቀድማ ትወቅ።

እኔስ? ያንን የረታሁበትን ፍርድ ሰሞኑን ከሣጥን አውጥቼ አነበብኩት። ስምንት ገጽ ነው። የእኔን ክርክር፣ የአከራዬን ክርክር፣ የምስክሮቹን ቃል አንድ በአንድ ጽፎ ነው የወሰነልኝ። በዚያን ጊዜ ያነበብኩት የመጨረሻውን መስመር ብቻ ነበር። ሰባቱን ገጽ ባነበው ኖሮ ያልገዛሁት መሆኑ ይገባኝ ነበር። ያ ዳኛ አሁን የት እንዳለ አላውቅም። ባገኘው ግን የማንንም ሂሳብ ሳልዘጋ፣ ከሩቅ ቆሜ ባርኔጣዬን አነሣለታለሁ።

እህቴ፣ የሆነውን ጻፊልኝ። የቀራችሁትም፣ ዳኛ ሆነ ጠበቃ፣ ከሳሽ ሆነ ተከሳሽ፣ ተመሳሳይ ገጠመኝ ካላችሁ እንደተለመደው ስማችሁን ደብቄ አስተናግዳለሁ። ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!